የወርቅ ናኖ ቅንጣት አሠራር፦ ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ የወርቅ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ) መሥራት የሚጀምር ሰው ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል መጠበቅ የለበትም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ መንተክተኩን ማየት ይበቃል።

የወርቁን ጨው (ክሎሮኦሪክ አሲድ) በፕላስቲክ ማንኪያ ይመዝኑ፤ ብረት ያበላሸዋል። ጨው በተጣራ ውሃ ሟሙቶ የሚገኘውን 20 ሚሊ ሊትር የ1 ሚሊ ሞላር (የይዘት መጠን መለኪያ) ሙሙት እያማሰሉ ያፍሉ፤ 2 ሚሊ ሊትር የ1 በመቶ ትራይሶዲየም ሲትሬት ባንዴ ይጨምሩበት። ቢጫው ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ደማቅ ቀይ ይሆናል። የተለመደው 10 ደቂቃ እዚህ ላይበቃ ይችላል፤ ቀለሙ መለወጥ እስኪያቆም ይታገሡ። የተነነውን በሙቅ የተጣራ ውሃ ይተኩ።

ወደ ሰማያዊ ካደላ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል። ብዙ ጊዜ መንስኤው በደንብ ያልታጠበ ዕቃ ነው፦ ሲትሬቱ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ በኤሌክትሪክ ሙሉ እንዲገፋፉ ያደርጋል፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ግን ይህን ሙል ይሸፍነዋል፣ መገፋፋታቸውም ይቀራል። ብርጭቆውን 3 እጅ ሃይድሮክሎሪክና 1 እጅ ናይትሪክ አሲድ ባለው ድብልቅ፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ያጽዱት፤ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ድብልቁን ከድነው ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

በጥሩ ውጤት የቅንጣቶቹ ስፋት 13 ናኖ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) 520 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ጫፍ ያሳያል። በ4 ዲግሪ ያስቀምጡት፤ በረዶ ከሠራ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ቢቀልጥም አይመለስም።