የአቻ ለአቻ ቡድን ልታቋቁሙ ነው? ቲሸርቱ ይቆይ

የስነ ተዋልዶ ጤና ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በር ላይ የተለጠፈ ስም ማለቴ ነው። ልጆቹ ሦስት ቀን አዳራሽ ይቀመጣሉ፣ ሻይ በብስኩት፣ ቲሸርት፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ፣ ከዚያ ክበቡ እስከሚቀጥለው የኤድስ ቀን ድረስ ይተኛል። መምህር ከሆናችሁ ወይም ወጣት ማዕከል የምትሠሩ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ መሥራት ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው የሚጠይቀው።

አቻ ለአቻ ማለት ተማሪ ተማሪን ሲያስተምር ነው፤ እውቀት ይጨምራል፣ በብዙ አገር ታይቷል። ባህሪ ለመለወጥ ግን ብቻውን አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ከልጆቹ ብዙ አትጠብቁ፤ የተቸገረች ጓደኛቸውን ጤና ጣቢያ ድረስ አብረዋት ከሄዱ በቂ ነው።

እናም ተማሪ ከመምረጣችሁ በፊት እናንተው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የትኛው ክፍል? የትኛዋ ነርስ? በስንት ሰዓት? ወጣቶች ለብቻ የሚስተናገዱበት ክፍል ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ግን ተማሪው ክፍል በሚቀመጥበት ሰዓት ከሆነ የሚሠሩት ምን ዋጋ አለው? ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ እንዲያስተናግዱላችሁ ለምኑ። የካርድ ክፍሉንም ነገር አንሱ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ የጎረቤት እናቶች በተሰለፉበት ወረፋ ላይ ቆማ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ተብላ በጩኸት ከተጠየቀች ሁለተኛ አትመለስም። ከተማችሁ ውስጥ የቤተሰብ መምሪያ ማህበር ክሊኒክ ካለ እሱንም ጠይቁ። ማህበሩ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ነው።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ህብረቱ (ወመህ)። "ልጆቻችንን ልታባልጉ ነው" የሚል ወላጅ አይጠፋም፣ አትቆጡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ግቡ፣ የምታስተምሩትን ርዕስ በወረቀት አሳዩ፣ በወር አበባና ያለዕድሜ ጋብቻ ጀምሩ። ቁጥርም ያግዛል፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል፣ አፋር ላይ 23 በመቶ፣ አዲስ አበባ 3 በመቶ። ይሄን የሰማ አባት ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይጀምራል።

ስለ ዕድሜም ልናገር። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው፣ ለእኔ ዘግይቷል። ባህር ዳር አካባቢ ሞሰቦ ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹን በሴት አስተባባሪዎች ቡድን አደራጀ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም ፍየል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ በጣም ቀነሰ። ከ15 በላይ ባሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ከቻላችሁ 7ኛና 8ኛ ክፍል ግቡ።

አሁን ምርጫው። እባካችሁ አንደኛ የሚወጡትን ብቻ አትሰብስቡ። መምህር የሚወደው ልጅ ሌላ፣ ተማሪ ምስጢሩን የሚያወራው ልጅ ሌላ። ቁራጭ ወረቀት አድሉና "ለቤተሰብ የማይነገር ነገር ቢገጥምህ ከክፍልህ ለማን ትናገራለህ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ጻፊው የራሱን ስም አይጻፍበት። ደጋግሞ የሚመጣውን ስም ያዙ። ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን፣ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክመው የሚመላለሱትን፣ በፍጹም እንዳትረሱ፤ ወላጅ አጠገባቸው የለም፣ ችግሩ ቶሎ የሚያገኘውም እነሱን ነው።

ሥልጠናውን ሦስት ቀን ላይ አትከምሩት። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ነርሷ ባለችበት። ሰፈር ውስጥ የሚወራውን አምጡና አንድ በአንድ አፍርጡት፦ "በመጀመሪያ ግንኙነት አይረገዝም" (ይረገዛል)፣ "ፖስት ፒል መካን ያደርጋል" (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ነው፤ መካን አያደርግም፣ ግን እንደ መደበኛ መከላከያ ሲወሰድ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚሠራው፣ ኤችአይቪንም አይከላከልም)፣ "የወር አበባ ሕመም ስታገቢ ይለቅሻል"። ይህቺን የመጨረሻዋን ከእናቶችም ትሰማላችሁ። በጣም የሚያማት ልጅ መታየት ያለባት ሐኪም ጋ ነው። ልጆቹ "አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ" ማለትን አፋቸው እስኪለምደው ይለማመዱ።

የጥያቄ ሳጥን ነገር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ውስጥ ሰው እያየው ወረቀት የሚከት የለም፣ ስለዚህ ባዶውን ይከርማል። ክፍል ውስጥ ለሁሉም ወረቀት ስጡ፣ ሁሉም ይጻፍ፣ ጥያቄ የሌለው ስለ አርሴናል ይጻፍ። ዋናው የሁሉም እስክሪብቶ መንቀሳቀሱ ነው። ወረቀቱን ነርሷና አንድ መምህር ብቻ ያንብቡ፣ መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይነገር፣ የእጅ ጽሑፍ የሚለይ ተማሪ አጠገቡ አይድረስ።

ውይይት ላይ ከ10 ወይም 12 ልጅ በላይ አትሰብስቡ። መጀመሪያ ሴትና ወንድ ለየብቻ፣ ሲላመዱ አንድ ላይ። ወንዶቹ ስለ ወር አበባ ይማሩ፣ ቀሚሷ የተበላሸባት ልጅ ላይ የሚሳቀው ባለማወቅ ነው። ሞዴስና ውሃ ያለበት ክፍል ከተገኘ ደግሞ ከአሥር ንግግር ይበልጣል።

ምስጢር ጠባቂነት ወሰን እንዳለው ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። መደፈር፣ ድብደባ፣ ሊድሯት የተዘጋጁባት ልጅ፣ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ጓደኛ፦ እነዚህ ልጅ ብቻውን የሚሸከማቸው አይደሉም፣ ወዲያውኑ ለተመደበው አዋቂ ይነገራሉ። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ ሆስፒታል ትድረስ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ቢሰጥም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ጉዳዩን አንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። ወንድ ልጅም ይደፈራል፣ ይህንንም በግልጽ ተናገሩት።

ሪፖርት ስትጽፉ "ይህን ያህል ሰው ሰለጠነ" የሚለውን ለጠየቃችሁ ስጡ፣ ለራሳችሁ ግን በወሩ ውስጥ ስንት ልጅ ጤና ጣቢያ እንደደረሰ ነርሷን ጠይቁ፣ ስም ሳይነሳ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ሰዓቱን ወይም ክፍሉን ቀይሩ። የ12ኛ ክፍሎቹ ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ለፈተና ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ተተኪዎቹን ታኅሣሥ ላይ ምረጡና ነባሮቹ ሳይወጡ ጥቂት ሳምንት አብረው ይቀመጡ።