የታፈነው የጊታሬ ድምፅ እንዴት ተከፈተ

በኤሌክትሪክ ጊታሬ አንገቱ በኩል ያለው ሃምባከር (ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ድምፁ ታፍኖ አስቸግሮኝ ነበር። ትዝታ ስጫወት ወፍራሞቹ ክሮች ይደበላለቃሉ፣ ቀጭኖቹ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። ፒክአፑ ሴራሚክ ማግኔት ያለው፣ የሽቦው ኤሌክትሪክ የመቋቋም መጠን 15 ኪሎ ኦም ገደማ የሚለካ ነው። አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ለማስጮህ አሪፍ ነው፣ ለንጹህ ድምፅ ግን እኔ አልወደውም።

ለገጣፎ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሁለት አሮጌ ፒክአፖች ነበሩ፣ የአንዱ ማግኔት አልኒኮ 2፣ የሌላው አልኒኮ 5 የሚባል ዓይነት፣ ሁለቱም ወደ 8 ኪሎ ኦም። በየተራ በየድናቸውና የአምፑን ቁልፎች ሳንነካ ያንኑ ዜማ ደጋግመን በስልክ ቀዳን (መብራት ሄዶ እስኪመጣ ቡና ጠጣን)። አልኒኮ 2 ለስለስ ያለ ነው፣ ባሱም ላላ ይላል። አልኒኮ 5 ባሱ ጠበቅ፣ ከላይ ጥርት ያለ ነው፣ ለባቲ ፈጣን ጨዋታ እሱ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው።

ግን አሁንም ትንሽ ታፍኗል! ጀርባውን ስንከፍተው የቮሊዩሙ ማዞሪያ 250 ኪሎ ኦም ሆኖ ተገኘ። ይሄ በብዛት ለሲንግል ኮይል (አንድ የሽቦ ጥቅል ላለው ፒክአፕ) የሚገጠም ነው፣ ለሃምባከር የተለመደው 500 ነው፣ ምክንያቱም አነስተኛው ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይበላዋል። በ500 ቀየርነው። ከዚያ ፒክአፑን በወፍራሞቹ ክሮች በኩል በብሎኑ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ባሱ ተስተካከለ፣ ይሄኛው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት።

ሴራሚኩን አልጥለውም፣ ድልድዩ (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት) በኩል ልገጥመው ነው።