በቁልቁለት ዜሮ ማርሽ፣ በዳገት አምስተኛ፦ ረጅም መንገድ ላይ የሰለቹኝ ስህተቶች

በሞተር ሳይክል ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረድን ነው። ከፊቴ ያለው ልጅ ሞተር ድምፅ ድንገት ጭጭ አለ። ተበላሸበት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ዜሮ ማርሽ (ሞተሩ ጎማውን የማይዝበትን) አስገብቶ ነው። «ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ» አለኝ በኋላ።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ልናገር? ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩን ከጎማው ስትለየው የአንተም የሻንጣህም ክብደት ሙሉ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ዲስኩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይሸታል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ዘይት አረፋ አለው፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፍሬኑን ስትጨብጠው እጀታው ዝም ብሎ መሪው ድረስ ይመጣልሃል።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የልጁ የኋላ ፍሬን ፔዳል ባዶ ሆኗል። የፊቱ ስለያዘለት ነው የተረፈው። ዲስኩ ላይ የሃይላንድ ውሃ ሊደፋበት ሲል እጁን ያዝኩት፤ የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊጣመም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

ቁጠባውም ቁጠባ አይደለም። ኢንጄክሽን ያለው (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ) ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆነህ የጋዙን እጀታ ስትለቅ ነዳጁን ይዘጋል። ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። በካርቡራተር የሚሠራ የድሮ ሞተርም ቢሆን የምታተርፈው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ቁልቁለቱን ብትወጣው ኖሮ በምታስገባው ማርሽ ውረደው። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው። እያሻሸህ አትውረድ።

ቀጣዩ የራሴ ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት በአምስተኛ አስወጥቻታለሁ። ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚሽከረከረው) ከበዛ ሞተር ይበላል የሚሉትን አምኜ። ድግ ድግ ድግ እያለች፣ ካቴናው እየተንገጫገጨ፣ ጋዙን እስከ ጥጉ ከፍቼ። መካኒኩ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ ፈቶ ሲያሳየኝ እንደ ዓሣ መንጠቆ ጎብጦ ነበር። በዝቅተኛ ዙር ጋዝ ስትከፍትበት ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ይከብዳል፣ የዘይት ግፊቱ ደግሞ ያኔ ደካማ ነው። አሁን ያለችኝ ነጠላ ሲሊንደር 250 ሲሲ ሞተር ዳገት ላይ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ስትሠራ ደስ ይላታል። ትልልቆቹ ባለሁለት ሲሊንደሮች ከዚያ ባነሰም ይጎትታሉ። የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር ላይ እስካልደረስክ ድረስ ጩኸቱ አያስፈራህ።

ከፍታንም አትርሳ። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዋሽ አካባቢ በአራተኛ የቻለው ሞተር ጣርማ በር ላይ ሦስተኛ ቢጠይቅህ አልታመመም። አየሩ ስለሳሳ ነው። ሰው ካፈናጠጥክማ ገና ከታች ቀንስ።

መታጠፊያ ውስጥ ማርሽ አትቀይር። ከመግባትህ በፊት ጨርስ።

ከባድ መኪና ስትቀድም ማርሹን ከኋላው ሆነህ ቀንስ። ጎኑ ከደረሱ በኋላ ማርሽ የሚፈልጉ አሉ። ከፊት አይሱዙ እየመጣ!

ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ በአንዴ ወርደህ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ ደግሞ አለ። እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው ተይዞ እንደ በሬ ይፈነጫል። አንድ አንድ እያልክ ውረድ፣ በየመካከሉ ጋዝ ነካ አድርግ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ይሄንን የተማርኩት ደጀን አቅራቢያ በዝናብ ነው። የጃኬቴ የቀኝ ክርን እስካሁን የተጣፈ ነው።

ልጁስ? ፍሬኑ ከበረደ በኋላ ወደ ደጀን ስንወጣ ከፊቴ ነበር። ሦስተኛ የሚበቃው ቦታ ላይ በሁለተኛ ያስጮኸዋል። ዝም አልኩት።