ከግቢ ሆኖ ጭልፊቶችን እንዴት መለየት ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ጫጩት የሚያስደነግጥ ወፍ ሁሉ ጭልፊት ይባላል። አንዱ ቤት ጭላት ይለዋል፣ ሌላው አሞራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ካዛንቺስም ሆነ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ቆሞ ለመለየት መጀመር ያለበት ከጅራት ነው፤ ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ክንፋቸውን ሳያራግቡ መዞር ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ከፈለጋችኋቸው የባሕር ዛፍ ጫፍና የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ፀሐይን ወደ ጀርባ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሁሉም ጥቁር ነው። ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላው እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉን ያንቀጠቅጣል፤ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ስለሆነ የሚበር ወፍ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ጅራቱ። በከተማው መሃል በብዛት የሚታየው፣ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ላይ ሥጋ የሚመነትፈው ቡናማው ጭላት ነው። ጅራቱ እንደ ዓሣ ጅራት መሃሉ ገባ ያለ ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ጅራቱን በደንብ ሲዘረጋው ያ መሃሉ ጠፍቶ ጫፉ ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ያየው ሰው «ሌላ ወፍ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ አሥር ሰከንድ ያህል ተከተሉት። ጭላት ሲዞር ጅራቱን ሹፌር መሪ እንደሚያዞር ግራና ቀኝ ያጣምማል፤ ይህን ካያችሁ ጨርሳችኋል። መንቁሩ ቢጫ ከሆነ ያደገው የአገሩ ጭላት ነው። ጥቁር መንቁር ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የአገሩ ጭላት ጫጩቶችም ሆኑ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ዘመዶቹ መንቁራቸው ጥቁር ነው።

ጅራቱ አጭር፣ ቀለሙም እንደ ጡብ ቀይ ከሆነ ኦገር ባዛርድ የሚባለው ነው። ሆዱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሆዱ ድፍን ጥቁር ነው። ወጣቱ ደግሞ ቀይ ጅራት ገና አላወጣም፣ ቡናማ ነው። ያኔ ክንፉን እዩ፤ ኦገር ሰፋፊ ክንፎቹን ወደ ላይ አንሥቶ ይንሳፈፋል፣ ጭላት ደግሞ አንጓው ላይ ሰበር አድርጎ ዘርግቷቸው ይበራል።

ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ አራግቦ የሚንሸራተት ከሆነ የዛፍ ውስጥ አዳኝ ነው፤ ጎሽሆክ ወይም ስፓሮውሆክ። ጥድና ወይራ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ የምትኖሩ ይህን ጠብቁ። እሱን ከማየት መስማት ይቀላል፤ ጎሽሆክ ገና ሲነጋ ከፍ ብሎ እየበረረ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ አጭር «ቺፕ» ያሰማል።

መጠን ላይ አትተማመኑ፣ ከሩቅ ያታልላል። ትልቁ ቁራ ራሱ ጭላትን ያህላል፤ ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭና መሃሉ ሾጠጥ ያለው ጅራቱ ያጋልጡታል። ይልቅ ቁራዎች ተሰብስበው አንድ ዛፍ ላይ ሲጮኹ ቶሎ ውጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሃላቸው የሚያባርሩት አለ።

ዛፍ ሥር የርግብ ላባ ተበትኖ ካገኛችሁ አንዱን አንሥታችሁ ሥሩን እዩ። ዘንጉ እስከ ጫፉ ሙሉ ሆኖ ከተነቀለ ጭልፊት ነው የበላት። ታኝኮ ወይም ከመሃል ተቆርጦ ከሆነ ግን ተጠያቂዋ የጎረቤት ድመት ናት።