የናንዩዌን ታሪክ ስትጽፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጓንግዡን ብዙዎቻችን የምናውቃት በንግድ ነው፤ ዕቃ የሚጫንባት የደቡብ ቻይና ወደብ ናት። ከ2,200 ዓመት በፊት ግን ፓንዩ ትባል ነበር። ናንዩዌ የሚባል አገር መዲናም ነበረች። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ተዛብቶ ሳየው ይቆጨኛል።

ዋናው ስህተት «የቺን ጦር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 (ዓ.ዓ) ያዘው፣ ከዚያ ወዲህ የቻይና ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ቻይናን መጀመሪያ አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት ይህን የደቡብ አገር መያዙ እውነት ነው። ስንቅ በጀልባ ለማድረስ ሁለት ወንዞችን የሚያገናኘውን የሊንግቹ ቦይ ሁሉ አስቆፍሯል። ግን ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ዣዎ ቱዎ የሚባል ሹሙ የተራራ በሮቹን ዘግቶ አገሩን ለብቻው ገዛ። ቺንን የተካው የሃን ሥርወ መንግሥት መልሶ የያዘው በ111 ዓ.ዓ ነው። መሃሉ ላይ 90 ዓመት ገደማ አለ።

ዣዎ ቱዎን የአገሬው ተወላጅ የሚያደርጉትም አሉ። ሰውየው የሰሜን ሰው ነው፣ ዛሬ ኸቤይ ከሚባለው ክፍለ ሀገር። ያም ሆኖ በ196 ዓ.ዓ የሃን መልእክተኛ ሲመጣ ጸጉሩን እንደ አገሬው ሕዝብ እንደ ዩዌ ሰዎች ቋጥሮ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነው የተቀበለው። መልእክተኛው ሰሜን ያለውን የአባቶቹን መቃብር አስታውሶ ወቀሰው። ዣዎ ቱዎም ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

የስም ነገርም አለ። መልእክተኛው ሉ ጂያ ነው። ከ84 ዓመት በኋላ በሃን ላይ ያመፀው የናንዩዌ ጠቅላይ ሚኒስትርም በፊደላችን ብዙ ጊዜ ሉ ጂያ ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛውን ሊዩ ጂያ በሉት፣ አንባቢ እንዳይምታታበት።

ንጉሥና ንጉሠ ነገሥትንም አታቀላቅሉ። ልዩነቱን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። የሃን እቴጌ ሊዩ ብረት ወደ ደቡብ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ዣዎ ቱዎ በ183 ዓ.ዓ ራሱን ንጉሠ ነገሥት አለ። በ179 ሉ ጂያ ተመልሶ ሲመጣ ማዕረጉን ትቻለሁ ብሎ ጻፈ። አገር ውስጥ ግን አልተወውም። በ1983 ጓንግዡ ውስጥ የልጅ ልጁ የዣዎ ሞ መቃብር ተገኘ። አስከሬኑ ከ2,000 በላይ የጄድ ድንጋይ ቁርጥራጮች የተሰፉበት ልብስ ለብሷል። እላዩ ላይ ዘንዶ የተጠመጠመበት፣ ጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የወርቅ ማኅተም ነበር። ጽሑፉ «ንጉሠ ነገሥት ዌን» ይላል፤ ዌን የዣዎ ሞ የማዕረግ ስም ነው። ለሃን የሚጻፈው ሌላ፣ ቤት ውስጥ የሚታተመው ሌላ።

እዚያው መቃብር ውስጥ የፋርስ አሠራር ያለው የብር ዕቃና የአፍሪካ ዝሆን ነው የተባለ ጥርስም ተገኝቷል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይቸኩላል፤ «አክሱም ናት የላከችው» ይላል። ዣዎ ሞ የሞተው በ122 ዓ.ዓ ነው፤ የአክሱም መንግሥት የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሱ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ፣ ወደብ ለወደብ እየተሻገረ ፓንዩ ደርሶ ይሆናል።