የባዝን የሮማውያን መታጠቢያ ስትጎበኙ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ያለውን የሮማውያን መታጠቢያ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አረንጓዴውን ገንዳ ፎቶ አንስቼ በአርባ ደቂቃ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተም እንዳይቆጫችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

የዋና ልብስና ፎጣ ይዞ መሄድ አንዱ ስህተት ነው። ፍልውሃ ሄዶ መታጠብ ለለመደ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። እዚህ ግን መታጠብ ቀርቶ ውሃውን በእጅ መንካትም ክልክል ነው፤ የገንዳው ውሃ አልታከመም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምንጭ ውሃ የዋኘች ልጅ ውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ በሚባል፣ ለዓይን በማይታይ ተህዋስ ታማ ሞታለች። መታጠብ ካማራችሁ እዚያው አጠገብ ቴርሜ ባዝ ስፓ አለ። የታከመ የምንጭ ውሃ ነው፤ ክፍያው ለብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ የምታዩት ሁሉ የሮማውያን ሥራ እየመሰላችሁ ከገንዳው በላይ ባለው ሰገነት ላይ መቅረት ነው። ሰዉ ከቄሳሮቹ ሐውልት ጋር ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል። ሰገነቱም ሐውልቶቹም ግን የቪክቶሪያ ዘመን ሥራ ናቸው፤ የተመረቁት በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በሮማውያን ጊዜ ገንዳው ከፍ ያለ ጣሪያ ነበረው። አሁን ፀሐይ ስለሚያገኘው አልጌ ይበቅልበታል፣ አረንጓዴ የሆነውም ለዚህ ነው። የሮማውያኑን እጅ ማየት የፈለገ ወደ ታች ይውረድ። ገንዳው 1.6 ሜትር ጥልቀት አለው። ወለሉ በ45 የእርሳስ ንጣፎች ተለብጧል፤ ዛሬም ውሃ ይይዛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የእርግማን ጽሑፎቹን ሳያዩ መውጣት ነው። ሮማውያን ቦታውን አኳይ ሱሊስ ይሉት ነበር። ሱሊስ የምንጩ አምላክ ናት፤ ከራሳቸው አምላክ ከሚነርቫ ጋር አንድ አድርገው ያመልኳት ነበር። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው አቤቱታውን በስስ እርሳስ ላይ በሹል ነገር ይጭርና ወደ ምንጩ ይጥለዋል። 130 ያህል ተገኝተዋል። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፣ ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል። ለጓንት! ሌሎቹ ደግሞ ሌባው እንዳያመልጥ «ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ነፃ» እያሉ መውጫውን ሁሉ ይዘጉበታል። ልብሱን አውልቆ ገንዳ የገባ ሰው፣ ሲወጣ ልብሱን ቢያጣው ምን ያድርግ? ተሰርቆ ለታቦት አቤት ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ጽሑፎቹ ትንንሽ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩዋቸው።

የድምፅ ማስጎብኛውን አልፈልግም ማለትም አያዋጣም። ዋጋው ከመግቢያው ጋር ነው፤ ለልጆች የተዘጋጀም አለ። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዙለት።

በግራና በቀኝ ያሉትን ክፍሎች «ፍርስራሽ ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። የጡብ ቁልሎቹ ወለሉን ከፍ አድርገው የያዙ እግሮች ነበሩ። የእሳቱ ትኩስ አየር በመካከላቸው እያለፈ ክፍሉን ከሥር ያሞቃል። ከዚያ የትርፍ ውሃው መውረጃ ጋ ቁሙ። ከምንጩ በየቀኑ 1,170,000 ሊትር ገደማ በ46 ዲግሪ ሙቀት ይፈልቃል። መውረጃው ላይ ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ካለው ብረት የተነሳ ብርቱካንማ ሆኗል፣ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል። እኔ እዚያ ነው ቦታው በሕይወት ያለ የመሰለኝ።

ለመጠጥ የታከመውን የምንጭ ውሃም አንድ ጉንጭ ቅመሱ። ሞቅ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል።

ሌላው ስህተት፣ በተለይ ለእኛ፣ ፌርፊልድ ሃውስን ሳያዩ ወደ ለንደን መመለስ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ፣ በዚያ ቤት ነው። በኋላም ቤቱን ለአረጋውያን እንዲውል ለከተማው ሰጥተዋል። በየቀኑ ለጎብኚ ስለማይከፈት፣ የባቡር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ።