በጥምቀት ሰሞን ከጓደኞች ጋር ወደ መንዝ ጓሳ የእግር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

በሰሜን ሸዋ ተራሮች ላይ ከጓደኞች ጋር በእግር ለመጓዝ ከበዓላት ሁሉ ጥምቀትን እመርጣለሁ። በመስቀል ሰሞን ምድሩ በአደይ አበባ ቢያጌጥም የክረምቱ እርጥበት ገና ስላልለቀቀው ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ጉሙም ገደሉን ይጋርዳል። የዓድዋ በዓል የሚውልበት የካቲት 23 ደግሞ የበልግ ዝናብ ሊጀምር የሚችልበት፣ ብዙ ጊዜም ዐቢይ ጾም የገባበት ወቅት ነው። በጥር ግን መሬቱ ደርቆ ሰማዩ ስለሚጠራ፣ ከጓሳ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ቆላውን እስከ አፋር አቅጣጫ ወለል ብሎ ያየዋል። ይሁን እንጂ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ የመንዝ ሕዝብ ሣሩን በአባቶች ሥርዓት ለዘመናት ከልሎ ያቆየው ሥፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ደርሶ ማግስቱን መውጣት ሰውነትን ያስጨንቃል። ስለዚህ ጥር 10 ቀን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ፣ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን እደሩ። ዕለቱ ገሃድ በመሆኑ ከመካከላችሁ የሚጾም አይጠፋምና በዚያ ቀን ዳገት ማሰብ ተገቢ አይደለም፤ ከተራውን አይቶ በጊዜ መተኛት ይበቃል። ጥር 11 ታቦታቱን ካጀባችሁ በኋላ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ታጥፋችሁ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ጓሳ ግቡ፤ የእግር ጉዞውን ጥር 12 ቀን ጀምሩ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ከሚኖሩ ሰዎችና ከወረዳው አስተዳደር ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።

የጓደኛሞች ጉዞ ትልቁ አደጋ ይሉኝታ ነው። በአንድ ወቅት ስምንት ሆነን ስንወጣ አንደኛው ወዳጃችን ወደ ኋላ እየቀረ፣ በጠየቅነው ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ጫማዬን ላጥብቅ ብዬ ነው፤ እናንተ ቅደሙ» ይለን ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጎነብስ ተመልሼ ባየው፣ ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ክሩን ማሰር አቅቷቸዋል። ከፍታው ራሱን ያሳመመው ከማለዳ ጀምሮ ኖሯል፤ ጉዟችንን ላለማሰናከል ብሎ ደብቆናል። ይዘነው ወደ ታች ወረድን፤ ማታ ደብረ ሲና ስንደርስ ምግብ መቅመስ ቻለ። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ከሚሄድ ሁሉ ጋር ገና ከቤት ሳንወጣ የምንዋዋለው ነገር አለ፦ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ወዲያውኑ ይናገራል፣ ቡድኑም ከዚያ በላይ አይወጣም። የሚያስታውክ፣ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሁለት ሰዎች ደግፈውት ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ያወርዱታል፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ያደርሱታል። እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

በሰልፉ ላይ አካሄዱ ቀርፋፋ የሆነው ሰው ከፊት ይሁን፣ ልምድ ያለው ደግሞ ደጀን ሆኖ ከኋላ ይከተል። የት እንደደረሳችሁ ሳይታይ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ማደሪያ አዙሩ። የአገሩን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ መቅጠር የግድ ነው፤ አፋፉ ላይ ጉም ድንገት ሲወርድ የሚያድነው የእርሱ እግር ነውና።

ለሌሊቱ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ከሌላችሁ ከመንዝ የሱፍ ባና የተሻለ ነገር አላውቅም። ከላይ ከምትደርቡት እኩል ከሥር ለምታነጥፉት ተጨነቁ፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ቀን ያላባችሁበትን ካልሲና ካናቴራ ለብሳችሁ አትተኙ። አረቄ ያሞቃል የሚሉ አይጠፉም፤ ነገር ግን ደምን ወደ ቆዳ እየሳበ የውስጥ ሙቀትን ስለሚያስወጣ ያን ሌሊት ይቅር። አዲስ ጫማም ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ተራመዱበት።

ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ቢሆን ይበቃል። በዚያ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም፤ ሽሮ ግን ይደርሳል። የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ለማብሰል ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ የጓሳ ሣር በጥር እንደ ገለባ ደርቆ ስለሚቆይ ሜዳ ላይ እሳት ማንደድም ሆነ የሲጋራ ቁራጭ መጣል ፈጽሞ አይገባም።

ማለዳ ላይ፣ ፀሐይ ውርጩን ስታቀልጠው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይቀመጡና ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ቀይ ቀበሮ አይጥ ፍለጋ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ሲያልፍ አይሸሹትም፤ ይህን ያየሁበትን ጠዋት ከማንኛውም የተራራ ጫፍ አስበልጣለሁ። እናንተም ለማየት ከፈለጋችሁ ድምፃችሁን ቀንሳችሁ በአንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ምግብ አትወርውሩላቸው። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃል።

ለመመለስ የጠዋቱን ሰዓት ምረጡ፤ የጣርማ በር መንገድ ሲመሽ በጉም ስለሚሸፈን ሾፌሩን በምሽት እንዲነዳ አታስገድዱት።